ያልጠቆረው ፍሬ

ቡና ስቆላ ሁሌ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ሌላው ፍሬ ሁሉ ጠቁሮ፣ ወዝ አውጥቶ፣ ጭሱ ኮሪደሩ ድረስ ሄዶ፣ መሃል ላይ ጥቂት ፍሬዎች ፈዝዘው ይቀራሉ። ከሽምብራ ቆሎ አይለዩም። እሳት ብትጨምሩባቸው ዳር ዳራቸው ያርራል እንጂ አይጠቁሩም። እናቴ ታያቸውና "እነዚህ ደግሞ ምን ሆንን ነው የሚሉት?" ትላለች። በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ታወጣቸዋለች፣ ከዚያ ጣቷን እፍ እፍ ትላለች።

እኔ ጥፋቱ የአቆላሌ ይመስለኝ ነበር። ምድጃው ኤሌክትሪክ ነው፣ ምጣዱ አንድ ወገኑ ጎበጥ ያለ ነው፣ እኔም ስልክ እያየሁ ነው የምቆላው። ምክንያት አላጣሁም።

ጥር 2017 ላይ አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም እኛ ጋ አረፉ። የሚኖሩት ጅማ ዞን፣ ሊሙ ነው። አንድ ሄክታር የማይሞላ ቡና አላቸው፣ እሱም ሦስት ቦታ የተቆራረጠ። የገበሬዎች ማህበር አባል ናቸው። አንድ ሰሞን የቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥም ነበሩ፣ ይህንን ሳይናገሩ ውለው አያድሩም። ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ሐኪሙ እንዳይጎነበሱ አስጠንቅቋቸዋል። ቡና ሲቆላ ግን ማን ያስቀምጣቸዋል! በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። በአንድ ዓይናቸው ምጣዱን ቃኙና አንዱን ፈዛዛ ፍሬ አወጡ። ነከሱት። ተፉት።

"ይሄ ሳይበስል የተለቀመ ነው" አሉ። "አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ጠራርጎ አውርዶታል።"

"ማን?"

"ባለቡናው ነዋ።"

"ለምን?"

በተሸፈነው ዓይናቸው ጭምር ያዩኝ መሰለኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ለምን ይመስልሻል? ቸግሮት ነዋ!"

የቡና ዛፍ ፍሬውን በአንድ ቀን አያበስልም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም ጎን ለጎን ተደርድረው ታገኛላችሁ። በወጉ ልልቀም ያለ ሰው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አለበት። የቸኮለ ግን ቅርንጫፉን በመዳፉ ይዞ ቁልቁል ይገፈዋል። ቀዩም አረንጓዴውም ይወርዳል። ቅጠሉም አብሮ ይረግፋል፣ ቅርንጫፉም ይጎዳል። የከርሞው ምርት ከዛሬው ጋር ተለቀመ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል? ሐምሌና ነሐሴ በቡና አገር ክፉ ወራት ናቸው። የአምናው ብር አልቋል፣ የዘንድሮው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው። መስከረም ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ይመጣል። በዚህ መሃል ሰብሳቢ የሚባል አንድ የቡና ነጋዴ ብቅ ይላል። ብር ያበድራል። ክፍያው በቡና ነው፣ የቡናው ዋጋ ግን ዛሬ፣ ገበሬው በተቸገረበት ቀን ነው የሚቆረጠው። የባሰበት ሰው ማሳውን ራሱን ወለድ አገድ ይሰጣል። ብሩ እስኪመለስ ድረስ ፍሬውን የሚለቅመው አበዳሪው ነው። አበዳሪ ደግሞ የሰው ዛፍ ነው የሚለቅመው። ስለ ከርሞ ምን ቸገረው? ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዋንዛ ቢቆረጥስ ምን ቸገረው?

አጎቴ ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ እኔ አቦሉን እስክቀዳ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኔ ግን ከዚያች ፈዛዛ ፍሬ ጋር አዲስ ትውውቅ ጀመርኩ።

ፋሻው ከተነሳ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒያሳን ላሳይዎት አልኳቸው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ያዝነው። እሳቸው የሚያውቋት ፒያሳ ሌላ ናት። ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ሰፈር ፈለጉ፣ የለም። "እዚህ ጋ አንድ ሥጋ ቤት ነበር" እያሉ በአዲስ ዓይናቸው ሰፊውን አስፋልት ያዩታል። ደከማቸውና አንድ ካፌ ገባን። ማኪያቶ አዘዝኩላቸው። ቀመስ አድርገው "ወተቱ ጥሩ ነው" አሉ። ስለ ቡናው ምንም ሳይሉ አለፉት።

መደርደሪያው ላይ የሩብ ኪሎ የተቆላ ቡና ከረጢቶች ተደርድረዋል። ከረጢቱ ላይ አንዲት ሴት ቀይ ፍሬ የሞላ ቅርጫት ይዛ ትስቃለች። ከስሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ። አንብቢልኝ አሉ።

"ሰስቴይነብል ይላል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ዘላቂ። የሚዘልቅ ማለት ነው።"

"ማን ነው የሚዘልቀው? ቡናው ነው ገበሬው?"

አስተናጋጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ መልስ ስላልነበረኝ።

ዋጋውን ጠየቁና ሒሳብ ጀመሩ። አጎቴ ከምንም በላይ ሒሳብ ይወዳሉ። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና እንዲወጣው አምስት ስድስት ኪሎ ከዛፍ የወረደ እሸት ያስፈልጋል። ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማው ይተናል። ስለዚህ ያቺ ከረጢት ውስጥ ያለው ሁለት ኪሎ የማይሞላ እሸት ነው። "ይሄ እኮ እቤት ቡና እስኪፈላ የሚለቀም ነው" አሉ። እኔ ደግሞ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ማጓጓዣውን፣ የሚቆላውን ሰው ደሞዝ እየቆጠርኩ ለካፌው ጠበቃ ቆምኩ። እውነትም አለኝ፣ ከሁለቱ ዋጋዎች መሃል ያለው ሁሉ ሌብነት አይደለም። ግን ከረጢቷን መልሼ ሳስቀምጥ የዚያች ሴት ሳቅ እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

እኛ ሸገሮች ስለ ቡና ስንኮራ አንድ ነገር እንዘላለን። ይህቺ አገር ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ናት የምትጠጣው። ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ጥሬ ቡና ደግሞ አገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዶላር ማምጫ ነውና። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በቡና ማዘጋጃዎች ብዙ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ንጹሑ በ60 ኪሎ ጆንያ ይታሰራል። የወጣው ደግሞ በአንድም በሌላም መንገድ ወደ እኛ ምጣድ ይመጣል። ይህንን ለአጎቴ እንደ ትልቅ ሚስጥር ነገርኳቸው።

"እኛስ ምን የምንጠጣ መሰለሽ?" አሉ። "ከዛፉ ስር የወደቀውን ነው። ቀዩማ ለሚዛን ነው።"

ታች፣ ከሕንጻችን ስር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ቡናዋን ከመርካቶ ነው የምታመጣው። ፈዛዛውን ፍሬ ለምን እንደማታወጣ ጠየቅኳት። "አውጥቼ ብጥል ኪሎው ስንት ሊገባብኝ ነው?" አለችኝ። እሷ መላ አላት። ትንሽ ታሳርረዋለች። ሲያርር የሁሉም ጣዕም ይመሳሰላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ቡናው ለምን እንደሚያርር ገባኝ።

"ማህበር" የሚለው ቃል ለአጎቴ ትውልድ ጥሩ ትዝታ አልነበረውም። በደርግ ጊዜ ማህበር ማለት ከላይ የሚወርድ ትዕዛዝ ነበር። ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ገበሬው የገዛ ማህበሩን መጋዘን ራሱ ነው የዘረፈው። አጎቴ እንደሚሉት በእነሱ ቀበሌ ከዚያ መጋዘን የወጣ አንድ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኖ ያገለግላል። የማን ዶሮ ቤት እንደሆነ ግን አይናገሩም።

አዲሱ የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ፣ ቁጥር 147፣ በ1991 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን 34 መሠረታዊ ማህበራትን ይዞ ተቋቋመ። የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች ተከተሉ። ብዙም ሳይቆይ ዩኒየኖቹ በጨረታ ሳያልፉ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ጊዜው ደግሞ ቡና የሞተበት ጊዜ ነበር። በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። ሊሙ ላይ አልነቀሉም፣ ተዉት። ሳር ዋጠው። አጎቴ ያኔ ማህበር የገቡት አምነው አይደለም። የሚያጡት ነገር ስላልነበራቸው ነው።

አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። ገበሬው እሸቱን ለማህበሩ ያስረክባል፣ የዕለቱን ዋጋ ይቀበላል። ማህበሩ አጥቦ፣ አድርቆ ለዩኒየኑ ይሰጣል። ዩኒየኑ ይሸጣል። ትርፍ ከተገኘ ከወራት በኋላ እያንዳንዱ ባስረከበው ልክ ይከፈለዋል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህን ስሰማ ዓይኔ የሄደው አንዲት ቃል ላይ ነው። "ይቀበላል።" በምን ብር?

የማህበሩ ካዝና ጥቅምት ላይ ባዶ ነው። እሸት መግዣ ብድር ያስፈልገዋል። አንድ ዓመት ብድሩ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ማነው ያዘገየው ብትሉ፣ ማህበሩ ባንኩን ይላል፣ ባንኩ ወረቀቱን ይላል። ፍሬው ግን ወረቀት አይጠብቅም። ቀይ ሆኖ ሁለት ሳምንት ከቆየ ዛፉ ላይ መድረቅ ይጀምራል። ከተለቀመ ደግሞ የዚያኑ ዕለት መፈልፈል አለበት፣ ካደረ ይጎመዝዛል። ነጋዴው ይህን ያውቃል። አይሱዙውን ከማህበሩ በር ሃምሳ ሜትር ራቅ አድርጎ አቆመ፣ ሚዛኑን ሰቀለ፣ ብሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ማህበሩ ዱቤ ይላል፣ ነጋዴው ጥሬ ብር ይቆጥራል። አረንጓዴ አለበት፣ የለበትም ብሎ አይጠይቅም። ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይገዛል።

እዚህ ላይ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እናቴ ወደ ኩሽና እስክትሄድ ጠበቁ።

"እኔም ሸጫለሁ" አሉ። "ሁለት ጆንያ። በሌሊት።"

"ቁጥጥር ኮሚቴ ሆነው?"

"ቁጥጥር ኮሚቴ ሆኜ። የልጅቷ ምዝገባ ነበረ።" ትንሽ ዝም ብለው "አንዱ ጆንያ ውስጥ አረንጓዴ ነበረበት" አሉ። "ብዙ።"

እሳቸውን የሚወቅስ ቃል አጣሁ። ከዚያ በፊት ስለ ዘላቂ ቡና ያነበብኩት ሁሉ ስለ ዛፍ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር ነበር። ሁሉም ልክ ነው። ግን ከዛፉም ከውሃውም በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ገበሬው ጋ ብሩ በስንት ቀን ይደርሳል?

የማህበሩን ቡና ማጠቢያ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ኅዳር 2015 ላይ። ቀን ላይ ምንም አይታይም። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ እሱን የሚያገላብጡ ሴቶች፣ ጥላ ፈልጎ የተኛ ውሻ። ሥራው የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ነው። ሲለቅም የዋለው ሁሉ በጆንያ ተሸክሞ፣ በአህያ ጭኖ ይመጣል። እሸቱ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። ባለቤቱ ራሱ ቁጢጥ ብሎ አረንጓዴውን ከቀዩ ይለያል፣ ተቀባዩ ከላይ ቆሞ ያያል። ከዚያ ሚዛን። ከዚያ ደረሰኝ። አንዱ ሽማግሌ ደረሰኙን በአራት አጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ሲከት አየሁ። ባርኔጣው ውስጥ ሌሎችም ነበሩ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሳ። ልጣጩ በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን ይወጣል። የተፈለፈለው ፍሬ እንደ ተልባ ያዳልጣል፣ በእጅ አይያዝም። ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይብላላል። እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። መድረሱን የሚለየው ሰውዬ ሰዓት አላየም። እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከቶ አንድ ጭብጥ አወጣና ጆሮዬ ስር አሸው። "ስሚ" አለኝ። ጠጠር በጠጠር ሲፈጭ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ፍሬውን ያዳለጠው ሙጭልጭ ለቋል ማለት ነው። ካልለቀቀ ድምፅ የለውም።

ከዚያ በቦይ ይታጠባል፣ ይዘፈዘፋል፣ አልጋ ላይ ይወጣል። ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይገላበጣል። ቀትር ላይ ሸራ ይለብሳል፣ የፍሬው ሽፋን በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ። እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይነሳል። ማህበሩ የእርጥበት መለኪያ አለው። አጎቴ የሚለኩት በጥርሳቸው ነው። ጥርስ ከሰረጎደበት ገና ነው፣ ካንሸራተተው ደርሷል።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚወርደው ወንዙ ላይ ነው። እጥበት ብዙ ውሃ ይጠጣል። የሚወጣው ውሃ የልጣጩን ስኳር ተሸክሞ የጎመዘዘ ነው፣ ወንዝ ሲገባ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ማጠቢያው ሥራ በጀመረ ሰሞን ከታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻችን ውሃውን አልጠጣ አሉ ብለው ሽማግሌ ልከዋል። አሁን ውሃው መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ያርፋል፣ ቀጥሎ ቬቲቨር ሳር የተተከለበት መስክ ላይ ይለቀቃል። ልጣጩ ደግሞ ተቆልሎ ኮምፖስት ይሆናል። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ፌርትሬድ የሚባለው የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ የሚያስገኘው ተጨማሪ ክፍያ ነው። በአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ለገበሬው በእጁ አይሰጥም፣ ለማህበሩ ይገባና አባላቱ በጉባኤ ይወስኑበታል። ያ ጉባኤ ሁለት ቀን ፈጀ አሉ አጎቴ። ግማሹ አባል ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይዋል አለ፣ ግማሹ ለጉድጓዱ። ጣሪያው ለጥቂት ተሸነፈ። የተሸነፉት እስካሁን ጉድጓዱን "ሐይቃችን" እያሉ ይቀልዳሉ።

ጉንደላ ግን በጉባኤ የሚወሰን ነገር አይደለም። የአጎቴ ዛፎች ግማሹ አርጅተዋል። የግብርና ባለሙያው ጎንድሉት ይላል። ከጉልበት በታች በሰያፍ ተቆርጦ፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ እንደገና ይታደሳል። ምርቱ ከበፊቱ ይበልጣል። ችግሩ እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቁ ነው። ሦስት መስከረም ማለት ነው። አጎቴ ያደረጉት ሃያ ዛፍ ብቻ ነው፣ ከመንገድ የማይታየውን ጥግ መርጠው። ሰው "አበደ" እንዳይላቸው።

ጥላውንስ? ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳው አሁንም ቆመዋል። ስለ አየር ንብረት ስናወራ አንድ ጥናት ነገርኳቸው። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ለቡና ላይመች ይችላል ይላል። ቡናው ወደ ከፍታ ቦታ ከተዛወረ ግን አዲስ መሬት እንደሚያገኝም ይጨምራል። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

"የምዕተ ዓመቱን መጨረሻ ተዪው" አሉ። "የነሐሴን መጨረሻ ንገሪኝ።"

ከአውሮፓ የመጣው ጉዳይ ግን አስቋቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና እዚያ አይሸጥም። የሚጀመርበት ቀን ሁለቴ ተራዝሟል፣ ዝግጅቱ ግን ቀጥሏል። እያንዳንዱ ማሳ የት እንደሆነ በካርታ መታወቅ አለበት፣ ከአራት ሄክታር ለሚያንስ አንድ ነጥብ ይበቃል። አንድ ወጣት ስልክ ይዞ መጣ። ከትልቁ ዋንዛ ስር ቆሞ ሳተላይት ጠበቀ። ቅጠሉ ስለጋረደው አልያዘለትም። ወደ ገላጣው ወጣ በል ቢሉት ገላጣ የለም። "ደን ቆርጠሃል ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ የመጣ ልጅ በዛፍ ብዛት ተቸገረ!" ይሉና ይስቃሉ። በመጨረሻ ሦስቱም ማሳ ሦስት ነጥብ ሆነ።

እሳቸው እኛ ጋ እያሉ የቡና ዋጋ ጣራ ነካ። የካቲት ላይ ኒውዮርክ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ሄደ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ተባዝቶ ነው። ታች ያለችው ልጅ ሲኒዋ ላይ ጨመረች፣ ደንበኛም አጉረመረመ። እኔ ለአጎቴ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስልካቸውን ይዘው ከማህበሩ ሊቀመንበር ጋር ሲጨቃጨቁ አመሹ። ዋጋ ሲሞት አባሉ ወደ ማህበሩ ይሮጣል፣ ዋጋ ሲነሳ ወደ አይሱዙው። ጀንፈሉን፣ ከነልጣጩ የደረቀውን ቡና፣ ቤቱ ይዞ የተቀመጠ ሰው "ለነጋዴው ብሸጥ በፈረሱላ ይህን ያህል አገኛለሁ" ይላል። ማህበሩ ግን ቀደም ብሎ ለውጭ ገዢ በሌላ ዋጋ ፈርሟል። "ሲርባቸው እናት፣ ሲጠግቡ እንጀራ እናት ነን" አሉ ስልኩን ዘግተው። ከዚያ ሁለቱን ጆንያ አስታወሱ መሰለኝ፣ ዝም አሉ።

በማግስቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደወሉ። ጤና፣ ዝናብ፣ ዓይናቸው፣ የእናቴ ደም ግፊት። ሁሉንም ዞረው ዞረው ሲጨርሱ፣ ሰብሳቢው ቤታቸው ሁለት ጊዜ እንደመጣ ነገሩኝ። ብር ይዞ። የትንሿ ልጃቸው ምዝገባ መስከረም አንደኛው ሳምንት ላይ ነው። ብድር ብለው አልጠየቁም። "እንዲሁ ልንገርሽ ብዬ ነው" አሉ። እኔም "ጋሼ፣ ስንት ነው?" አልኩ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቁጥሩን ነገሩኝ። በቴሌብር ላክሁ። አንድ የከተማ ሰው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ቅዳሜ ማታ የሚያጠፋው ብር ነው። "በታህሳስ ነው የምመልስልሽ" አሉ። "ጻፊው። በወረቀት ጻፊው።" ጻፍኩት።

በታህሳስ ብሩ ተመለሰ፣ ከነሳንቲሙ። ከብሩ ጋር በአንድ የአገር ሰው እጅ ሦስት ኪሎ የሚሆን ቡና መጣ። ተፈልፍሎ፣ ተለቅሞ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ። እናቴ ሰፌዱ ላይ ዘረገፈችውና ለረጅም ጊዜ ምንም የሚለቀም ነገር አጥታ ጣቶቿን ስታዞር ቆየች። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠዋት ቆላሁት። ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ። ምጣዱ ያው ነው፣ ጎባጣው። ሁሉም እኩል ጠቆረ። ሲወዛ አወረድኩት፣ አቀዘቀዝኩት፣ አንድ በአንድ አየሁት።

ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ሦስት ፈዛዛ አግኝቻለሁ።"

"ሦስት?" አሉ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል። "ከየትኛው ማሳ ይሆን?"

"እሱን እንዴት አውቃለሁ?"

"ቆይ" አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ባለቤታቸውን ተጣሩ። "እናንተ፣ ያን ጥግ ማነው የለቀመው?"